ኤልኩ ተመትቶ አመለጠ? ጠመንጃውን ከመቀየርህ በፊት አረሩን እይ

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ከጅማ በወሰደው ሲኒ ውስጥ ሁለት የተተኮሱ አረሮች አሉ። አንዱ እንደ እንጉዳይ ተከፍቷል። ሌላው ተበጣጥሶ ቅርፊቱ ብቻ ቀርቷል። «ጋሼ፣ ጠመንጃዬን ልቀይር እንዴ?» ይለኛል። ከአዳኞች ጋር ዱካ ስከተል ዓመታት ስለቆየሁ ነው እኔን የሚጠይቀኝ። ቆይ አልኩት።

ኤልክ የሚባለው የአሜሪካ ትልቅ አጋዘን እኛ ጋ የለም። ጅማ ዙሪያ በጫካው ያለው ድኩላ ነው፤ ትልቁ ወንድ 80 ኪሎ ቢሞላ ነው። ወንድ ኤልክ ግን 300 ኪሎ ያልፋል፣ የትከሻው አጥንትም ወፍራም ነው። ለድኩላ የበቃ አረር ለኤልክ ይበቃል ማለት አይደለም።

ቁስሉ ሰፊ ነው፣ ግን ጥልቀት የለውም

የተበጣጠሰው አረር ታሪክ ይሄ ነው። ሲተኮስ 180 ግሬን፣ ማለትም 11.7 ግራም ነበር። ሲኒው ውስጥ የቀረው 4 ግራም አይሞላም። ልጁ በኃይለኛ ማግነም ጠመንጃ ከ40 ሜትር ትከሻው ላይ መታው። እርሳሱ ለስላሳ፣ የመዳብ ልባሱ ስስ ነው። በዚያ ፍጥነት አጥንት ሲያገኘው እዚያው ፈነዳ፤ ሳንባ ጋ አልደረሰም። ሥጋውም ተበላሸ።

መፍትሄው ትልቅ ጠመንጃ አይደለም፤ የማይበተን አረር ነው። እርሳሱ ከልባሱ ጋር የተበየደ፣ ወይም መሃሉ በግድግዳ የተከፈለ፣ ወይም ከነጭራሹ ሙሉ መዳብ የሆነ። ባለ ግድግዳውን ጆን ኖስለር የሚባል አሜሪካዊ ነው የሠራው። «ሙዝ» (moose) የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ሲያድን አረሩ ወደ ውስጥ አልዘልቅ ብሎት ነው ያሰበው፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበው። ዛሬም ይሸጣል። ከ165 እስከ 180 ግሬን የሚመዝን እንዲህ ያለ አረር ከተራ ሰርቲ ኦት ሲክስ (.30-06) የአደን ጠመንጃ ሲወጣ ለኤልክ በቂ ነው፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ ደም የለም፣ እንስሳው ሄደ

አረሩ ሳይከፈት አልፏል። ጥይቱ የወታደር ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልግ፤ እንዳይከፈት ተደርጎ ነው የተሠራው። በ1899 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ የሄግ መግለጫ የሚከፈት አረር ለጦርነት ተከልክሏል። አደን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ የኮሎራዶ ሕግ የሚከፈት አረር ያስገድዳል፣ ለኤልክም ከ85 ግሬን እንዳያንስ ይላል። እንስሳው ሳይሰቃይ እንዲወድቅ ነው።

ሙሉ መዳብ ተጠቅመህ ከሆነ ርቀቱን አስብ። መዳብ ጠንካራ ስለሆነ ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል፤ ከሩቅ ሲደርስ ፍጥነቱ ወርዷል። አምራቹ የጻፈውን ዝቅተኛ ፍጥነት አንብብና ከዚያ ርቀት አትለፍ። ጠጋ በል።

የዒላማው ወረቀት ላይ ቀዳዳው ሞላላ ሆነ

አረሩ በጎኑ እየመታ ነው። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በእኩል ክብደት የመዳቡ አረር ይረዝማል። አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠምዛዛ ቦይ ደግሞ ረጅሙን አረር በበቂ ፍጥነት ላያሽከረክረው ይችላል። ከ180 ወደ 165 ወይም 150 ግሬን ውረድ።

ልምምድ ላይ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈህ ጥሩ ትመታለህ፣ ጫካ ስትገባ ትስታለህ

የጠመንጃውን ርግጫ ፈርተህ ምላጩን ስትስብ ትደነግጣለህ። አነስ ያለ ጠመንጃ ያዝ።

አረሩ ጥሩ ነው፣ ኤልኩ ግን ጎብጦ ቀስ ብሎ ሄደ

ሆዱን ነው የመታኸው። ይሄን የትኛውም አረር አያስተካክለውም። ዒላማህ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከደረቱ ግርጌ አንድ ሦስተኛ ከፍ ብሎ ነው። አንዴ ከሆነ ግን አትሩጥ። ወዲያው ከተከተልከው ይነሳና ርቆ ይሄዳል፣ ዱካውም ይጠፋል። የመጨረሻውን የደም ጠብታ ምልክት አድርግበትና ጥቂት ሰዓት ጠብቅ። የአክስቴ ልጅ አንዴ 20 ደቂቃ ብቻ ነበር የጠበቀው። ያን እንስሳ እስከ ዛሬ አላገኘውም።