ከዳይት ለመውጣት ስንሞክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ስታዲየም አካባቢ፣ መንገድ ዳር የክብደት ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልመዘን አልፌያቸው አላውቅም። ጠዋት ካዛንቺስ ወደ ሥራ ስሄድ እመዘናለሁ፤ ማታ ስመለስም እመዘናለሁ። ግማሽ ኪሎ ከቀነስኩ ቀኑ ብሩህ ነው፤ ከጨመርኩ እራት የለም። ከዚያ ኑሮ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አወጣጤ ግን ቀላል አልነበረም፤ ዳይቱን ከተውኩ በኋላም ሐሳቡ አልተወኝም ነበር። እኔና አብረውኝ የሞከሩ ጓደኞቼ ደጋግመን የወደቅንባቸውን ስህተቶች ልጻፍ። ለስኳር፣ ለኩላሊት ወይም ለሌላ ሕመም ሐኪም ያዘዘላችሁ አመጋገብ ካለ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አትንኩት።

ረሃብን እንደ ስንፍና መቁጠር

ቀኔ እንዲህ ነበር። ጠዋት ስኳር የሌለው ማክያቶ። ምሳ ሰዓት ባልደረቦቼ በየዓይነቱ ከበው ሲቀመጡ ለእኔ ሰላጣ። አሥር ሰዓት ላይ ራስ ምታት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ንዴት። ማታ ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ኩሽና እገባና እዚያው ቆሜ ከድስቱ እበላለሁ፤ ሆዴ እስኪያመኝ ድረስ። ከዚያ አለቅስና «ነገ ጠንክሬ እጀምራለሁ» እላለሁ። የማታው መብላት ከቀኑ አለመብላት የመጣ መሆኑን ለመረዳት ዓመታት ፈጀብኝ።

በ1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ይዞ ጥናት አድርጎ ነበር። ዓላማው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተራቡ ሰዎችን እንዴት መመገብ እንደሚሻል ማወቅ ነው። ወጣቶቹ በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት ከለመዱት ምግብ ግማሽ ያህሉን ብቻ በሉ። ሰውነታቸው ብቻ አይደለም የከሳው። ወሬያቸውም ሕልማቸውም ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እያነበቡ የሚያመሹ ነበሩ። እንደ ልብ እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ አልጠግብ አሉ። ይህን ሳነብ ስለ ራሴ የተጻፈ መሰለኝ። እነዚያ ወጣቶች ራሳቸውን መግዛት የማይችሉ ሰዎች አልነበሩም፤ ተርበው ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ለአንጎል «በቂ ስንቅ አለ» ይላል፤ ግሬሊን ደግሞ «ብላ» ይላል። ምግብ ቀንሰን ስንከሳ የመጀመሪያው ይወርዳል፣ ሁለተኛው ይወጣል። በ2011 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት፣ ለ10 ሳምንታት እጅግ ጥቂት ተመግበው የከሱ ሰዎች ከዓመት በኋላም እነዚህ ሆርሞኖች ወደ ቦታቸው እንዳልተመለሱ አሳይቷል። ስለዚህ ምሽት ላይ ወደ ኩሽና ስትሮጡ ሰውነታችሁ ሥራውን እየሠራ ነው።

መፍትሔው የሚጀምረው ከቁርስ ነው። ቅንጬ፣ ፉል በዳቦ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ያለው ይበላ። ከዚያ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት። እኔ መጀመሪያ ላይ ባይርበኝም ሰዓቱን ጠብቄ እበላ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ችላ ያልኩት የረሃብ ስሜት ወዲያው ተመልሶ የሚታመን አልሆነልኝም። የማታው ሩጫ ግን በወር ውስጥ ረገበ።

እንጀራን ጠላት ማድረግ

«እንጀራ አቁሚ» ያላለኝ ሰው የለም። ጤፍ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ገለባው ሳይወጣለት እንዳለ ይፈጫል፤ ስለዚህ አሠር አለው፣ ብረትና ካልሲየምም አለው። ከሽሮ ወይም ከምስር ጋር ሲሆን ፕሮቲኑም ተሟላ። ይህን የመሰለ ገበታ ትቼ በውድ ዋጋ የታሸገ ብስኩት እገዛ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ከማዕዱ መለየቴ ነው። እናቴ መሶቡን ስታቀርብ እኔ ሳህኔን ይዤ ሶፋ ላይ። «በሞቴ አንድ ጉርሻ» ትለኛለች፤ እጇን እመልሳለሁ። ያ የተዘረጋ እጅ አሁንም ይታየኛል። ጉርሻ ካሎሪ ተቆጥሮለት የሚሰጥ ነገር አይደለም። እንጀራን የምትፈሩ ከሆነ ከሰው ጋር ሆናችሁ ጀምሩት። እኔ ወደ ትሪው የተመለስኩ ዕለት ከግማሽ እንጀራ በላይ አልበላሁም፤ ለብቻዬ ቆሜ ስበላ ሦስትም አይበቃኝም ነበር።

ጾምን ለሚዛን መጾም

ይህን ለመጻፍ ይከብደኛል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ ሰው ሁሉ መንፈሳዊነቴን ያደንቅ ነበር። እኔ ግን ስንት ኪሎ እንደቀነስኩ ነበር የማስበው። ፋሲካ ሲደርስ የሁለት ወሩን በሦስት ቀን በልቼ ታመምኩ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ልጄ፣ ለማን ነው የጾምሽው?» ብለው ዝም አሉ። በሚቀጥለው ዓመት እርሳቸው በፈቀዱልኝ ሰዓት ምሳዬን እየበላሁ፣ ከሥጋና ከወተት ብቻ ተከልክዬ ጾምኩ። ሙስሊም ጓደኛዬም ለመክሳት ብላ ሱሁር እየዘለለች ረመዳንን በራስ ማዞር ታሳልፈው ነበር፤ እሷም አሁን ትታዋለች። ጾምና ዳይት ተቀላቅለውባችሁ ከሆነ፣ ለሃይማኖት አባታችሁ ነገሩን በግልጽ ንገሯቸው።

የማቅጠኛ ሻይ

በቴሌግራም ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው፤ ሆድ የሚያስኬድ ቅጠል። የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ የበላነው ምግብ አብዛኛው ደግሞ ከዚያ በፊት ትንሹ አንጀት ውስጥ ወደ ደም ገብቷል። የሚወጣው ውሃና እንደ ፖታሲየም ያለ ማዕድን ነው። ፖታሲየም ሲያንስ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። በባዶ ሆድ አቼቶ መጠጣትም ጨጓራ ላለበት ሰው ሥቃይ ነው። ያለውን ድፉት።

አዲስ ሕግ ማውጣት

ዳይቱን ስተው «ሲርበኝ ብቻ እበላለሁ፣ ልክ ስጠግብ አቆማለሁ» አልኩ። በሳምንቱ ይህም ሕግ ሆነ፤ ጠግቤ አንድ ጉርሻ ከጨመርኩ እንደ ድሮው ራሴን እወቅሳለሁ። ቡና ተፈልቶ ፈንዲሻ ሲቀርብ ርቦን አይደለም የምንዘግነው፤ ጨዋታው ነው። ልደት ላይ ኬክ፣ ለቅሶ ቤት ንፍሮ፣ ይህ ሁሉ መብላት ነው። «ከሰኞ ጀምሮ» ማለትም ያው ነው፤ ሰኞ የሚከለከል ነገር እሑድ ያለ ልክ ይበላል።

እግርን ለቅጣት ማንቀሳቀስ

«ቦምቦሊኖ ስለበላሁ ልሩጥ» ማለት ይቅር። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፤ ከጓደኛችሁ ጋር እየተጫወታችሁ ውረዱት።

«ወፈርሽ» እና «ከሳሽ» የሚለውን ዝም ብሎ መዋጥ

በእኛ አገር ሰላምታው ራሱ ሚዛን ነው። ብዙ ትልልቅ ሰዎች «ወፈርሽ» ሲሉ ተመችቶሻል ማለታቸው ነው፤ እትዬዎችን በዚህ አልቀየማቸውም። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ብዬ ወሬውን እቀይራለሁ። የቅርብ ሰው ሲሆን ግን በግልጽ እነግረዋለሁ፤ ለእህቴ «ስለ ሰውነቴ አታንሺብኝ፣ ያመኛል» ብያታለሁ፣ ተረድታኛለች። በተለይ በአሥራዎቹ ዕድሜ ባለች ልጅ ፊት ስለ ቦርጭና ስለ ጭን አታውሩ። አክስቴ እኔን «ዱባ» ያለችኝ በፍቅር ነበር። ዳይት የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ሕመም ሲሆን ለብቻ መታገል

የወር አበባ ከቀረ፣ ራስን መሳት ከመጣ፣ ከበሉ በኋላ ሆን ብሎ ማስመለስ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት መውሰድ ከተለመደ፣ ተደብቆ ያለ ልክ መብላት በየሳምንቱ የሚመላለስ ከሆነ፣ ይህ በምክር የሚያልፍ ነገር አይደለም። የአመጋገብ ሕመም የአእምሮ ጤና ጉዳይ ነው፤ ሕክምናም አለው። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ጨምሮ የአእምሮ ጤና ክፍል ባላቸው ሆስፒታሎች መጠየቅ ይቻላል። ሐኪም ፊት ስትቀመጡ «ጨጓራዬን ነው» ብላችሁ አትውጡ። ስንት ጊዜ እንደምታስመልሱ፣ የወር አበባችሁ መቼ እንደቀረ፣ ምን ዓይነት ሻይ ወይም እንክብል እንደምትወስዱ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ለመናገር ካፈራችሁ ወረቀቱን ስጡት። እኔ ያደረግሁት እንዲያ ነው።