በቁምስና ድሆችን ስናገለግል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በካቶሊክ ቁምስናችን (በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን) የእርዳታ ኮሚቴ ውስጥ ማገልገል ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከዚህ በታች የምጽፋቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ሠርተናቸዋል። ማንም በክፋት አላደረጋቸውም። ቸኩለን፣ ሳናስብ፣ "ዋናው መስጠቱ ነው" ብለን ነው። አዲስ ኮሚቴ ለምታቋቁሙ ወይም የቆየውን ለማስተካከል ለምታስቡ ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት።

ሁሉንም በአንድ ቀን ማውረድ

እ.ኤ.አ. በ1617 ቅዱስ ቪንሰንት ዲ ፖል በፈረንሳይ ሻቲዮን በምትባል ትንሽ ከተማ ቆሞስ (የቁምስናው ኃላፊ ካህን) ነበር። አንድ እሑድ ለቅዳሴ እየለበሰ ሳለ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በሙሉ መታመሙን ነገሩት። ስብከቱ ላይ ለሕዝቡ አነሣው። ከሰዓት በኋላ እሱም ሊጠይቃቸው ሲሄድ መንገዱ በሰው ተሞልቶ አገኘው። ሰዉ ምግብ ይዞ ይሄዳል፣ አድርሶ ይመለሳል።

ቪንሰንት ልቡ ተነካ። ግን አንድ ነገር ታየው። ይህ ሁሉ ምግብ በአንድ ቀን ከመጣ ገሚሱ ይበላሻል። ከዚያ በኋላስ እነዚያ ሰዎች ምን ይበላሉ? ጥቂት ሴቶችን ሰበሰበና ተራ አወጡ። ዛሬ አንዷ፣ ነገ ሌላዋ። የዚያኑ ዓመት ደንብ ጻፈላቸው። የሱ የበጎ አድራጎት ሥራ የተጀመረው በዚህ የተራ ሰሌዳ ነው ማለት ይቻላል።

የኛም ችግር ይኸው ነበር። የገና ዋዜማ ዘይቱም ዱቄቱም ሞልቶ ይተርፋል። ለፋሲካ እንደገና ይሞላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን መጋዘኑ ባዶ ነው። ክረምት ደግሞ የቀን ሥራ የሚቀዘቅዝበት፣ ጣሪያ የሚያፈስበት፣ የደብተርና የዩኒፎርም ጭንቀት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። አሁን ፈቃደኛ የሆኑ ቤተሰቦች ወር ተከፋፍለው ይዘዋል። ብዙ አልጨመርንም፤ ያንኑ ዘረጋነው እንጂ።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያቋቋሙት የድሆች ቀን በየዓመቱ በኅዳር አካባቢ ይከበራል። መልካም ቀን ነው፣ እኛም እናከብረዋለን። ስህተቱ የሚመጣው ያንን ቀን አክብረን ለዓመቱ የጨረስን ሲመስለን ነው።

በማይክ መጥራትና ፎቶ ማንሳት

ይሄን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። በአንድ የትንሣኤ ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጋን። ዘይቱን ደረደርን፣ ሰዎቹን አሰለፍን። ስም በማይክ እንጠራ ነበር። ከፊት ለፊት ካሜራ የያዘ ወጣት ቆሟል። ለሪፖርት ነው።

የአንዲት እናት ስም ሦስት ጊዜ ተጠራ። አልመጣችም። ልጇ ከመዘምራኑ ጋር ነበረች፣ ቀሚሷን እንኳ ገና አላወለቀችም። ልጅቷ ስሙን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። እናትየዋ በጓሮ በር ወጥታ ሄዳለች። በማግስቱ ዘይቱን ቤቷ ወሰድንላት። "አመሰግናለሁ፣ ለሚብስበት ስጡልኝ" አለችን። የሚብስበት እንደሌለ እኛም እሷም እናውቅ ነበር። ሁለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም።

ጌታ "ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ" ያለው ለሰጪው ብቻ አይመስለኝም። የተቀባዩን ፊትም ይሸፍናል። አሁን የምንሰጠውን በተራ ዘንቢል አድርገን፣ ሲመሻሽ፣ ቤት ድረስ እናደርሳለን። የቁምስናው ስም የተጻፈበት ከረጢት አንጠቀምም። ለጋሾች ማስረጃ ሲጠይቁን የግዢ ደረሰኝና የሦስት የኮሚቴ አባላት ፊርማ እናሳያቸዋለን። ፎቶ ካልሆነ አንሰጥም ያለን ሰው እስካሁን አልገጠመንም።

"ካቶሊክ ናት?" ብሎ መጀመር

በኛ ሰፈር ከጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ኦርቶዶክስና ሙስሊም ናቸው። የተቸገረ ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም፤ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ የተነገረን ለዚህ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛም እ.ኤ.አ. በ2005 በጻፉት መልእክት ፍቅር በነጻ የሚሰጥ እንጂ ሌላ ዓላማ ማስፈጸሚያ እንዳልሆነ አስተምረዋል። ዘይት ሰጥቶ "እሑድ ግን እንዳትቀሪ" ማለት ከዚህ ጋር አይሄድም።

"ለድሃ ይሆናል"

ዚፑ የተበጠሰ ጃኬት፣ አንድ እግሩ ብቻ የቀረ ነጠላ ጫማ፣ ቀኑ ያለፈበት የዱቄት ወተት። ሁሉም ደርሶናል። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህን ለእህትህ ልጅ ትሰጠዋለህ? ካልሆነ አታምጣው። ለመለየት የምናጠፋው ሰዓት ሦስት ቤት ያስጎበኘን ነበር።

"ደናግሉ አሉ አይደል?"

የእማሆይ ቴሬዛ ደናግል ስድስት ኪሎ የሚሠሩትን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል። የታመመ ይቀበላሉ፣ የተጣለ ያነሣሉ። ግን የነሱ መኖር እኛን ነጻ አያወጣንም። የጎረቤቴን ቤት ኪራይ ጭንቀት እኔ ነኝ የማውቀው፣ ሲስተር አይደለችም።

ገንዘቡን በአንድ ሰው እጅ መተው

የታመነ ሰው ቢሆንም አይደረግ። እንዲያውም እሱን ከሐሜት ለማዳን ነው። የሙዳየ ምጽዋቱ ሣጥን ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ ቁልፎቹ በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ፣ ቆጠራው በሦስት ሰው ፊት ይሁን። በየሦስት ወሩ ሒሳቡን ለምእመናኑ አንብቡ። የሰጪውንም የተቀባዩንም ስም ሳትጠሩ፣ ድምሩን ብቻ።

በር ላይ አድርሶ መመለስ

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ስህተት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ፍሬድሪክ ኦዛናም የሚባል የ20 ዓመት ተማሪ ፓሪስ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የቅዱስ ቪንሰንት ማኅበርን ሲጀምር፣ ድሆችን በየቤታቸው እንዴት እንደሚጎበኙ ያስተማረቻቸው ሲስተር ሮዛሊ ራንዱ ነበረች። ድሆቹ የሚኖሩበትን ሰፈር ቤት ለቤት ታውቀው ነበር። የማኅበሩ አባላት እስከ ዛሬ ሁለት ሁለት ሆነው ቤት ይጎበኛሉ። እርዳታውን በር ላይ አቀብሎ መመለስ እንደ ጉብኝት አይቆጠርም።

እኛ ግን እናደርሳለን፣ "ደህና ዋሉ" ብለን እንሮጣለን። ከምንሄድባቸው ቤቶች አንዱ የእማማ ቤት ነው። አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት። ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ ከሥሩ ሬዲዮ፣ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ። ሁለት ጊዜ ስንሄድ ጀበናው ተጥዶ ነበር። ሁለት ጊዜም "እንቸኩላለን እማማ፣ ሌላ ቀን" አልን። በሦስተኛው ቀን እማማ በሩ ላይ ቆሙ። "ልጆቼ፣ እኔ ቤት ቡና አይጠጣም?" አሉን።

ተቀመጥን። ቆሎ አቀረቡ። አንደኛው ስኒ ጆሮው ተሰብሮ ነበር፤ እሱን ለራሳቸው ወሰዱ። በሁለተኛው ቡና ላይ ከጓሯቸው ስላለው ልጅ ነገሩን። ከፎቅ ግንባታ ላይ ወድቆ ወገቡ ተጎድቷል። ከአልጋ አይነሣም። ዘመድ የለውም። ከምናመጣላቸው ዱቄት ለስምንት ወር ያህል ገንፎ እያገነፉ ሲያበሉት ኖረዋል። እኛ ዝርዝር ላይ ልጁ የለም። እማማ ደግሞ "ተረጂ፣ ተራ ቁጥር 14" ተብለው ተጽፈዋል።

ያን ቀን ስንመለስ አብራኝ ያለችው እህት መንገዱን ሙሉ ምንም አልተናገረችም።

የሻቲዮኑ ደንብ ስለዚህ ነገር የሚለው ደስ የሚል ነው። ምግብ የምታደርሰው ሴት በሽተኛውን በደስታ ሰላም ትበለው፣ እጁን ታስታጥበው፣ ማዕዱን ትባርክ ይላል። ጉብኝቷንም አስታማሚ ካለው ሰው ትጀምርና ብቻውን ያለውን በመጨረሻ ታድርገው፣ አጠገቡ ረዘም ላለ ጊዜ እንድትቀመጥ። እኛም የጉብኝት ቅደም ተከተላችንን በዚሁ አስተካከልን። ልጁ የመጨረሻው ነው። እማማ ከሱ በፊት ናቸው፣ ምክንያቱም ወደሱ የሚወስዱን እሳቸው ናቸው።

ስለ ድሆች ያለ ድሆች መወሰን

ኮሚቴያችን ሰባት ሰው ነበር። መምህር፣ ነጋዴ፣ ጡረታ የወጣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ እኔ። በወሩ መጨረሻ ዘይቱ አልቆበት የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረንም። አባ ሐሳቡን አነሡና እማማን ስምንተኛ አባል እንዲሆኑ ጠየቅናቸው። መጀመሪያ እንቢ አሉ። "እኔ ምን አውቃለሁ?" ብለው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ሰዓቱ እስኪያልቅ ዝም ብለው አዳመጡ። የግዢ ዝርዝሩ ሲነበብ ብቻ እጃቸውን አነሡ። "ሳሙና የለም" አሉ። ማንም ጠይቆን አያውቅም አልናቸው። "አይጠይቋችሁም። ዳቦ ይለመናል፤ ሳሙና ግን ያሳፍራል። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚቀሩት ለምን ይመስላችኋል?"

ከዚያ ወር ጀምሮ በእያንዳንዱ ዘንቢል ውስጥ ሁለት ሳሙና አለ።