ዳ ሁዋንግ ዠ ቾንግ ዋን ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዳ ሁዋንግ ዠ ቾንግ ዋን የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች "ደም ቋጥሯል" ሲሉ የሚያዙት ክኒን ነው። ቀመሩ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት፣ በቻይናው የሃን ሥርወ መንግሥት ማብቂያ ላይ ከኖረው ሐኪም ከጃንግ ጆንግጂንግ የመጣ ነው። 12 ነገሮች ይገቡበታል። የሩባርብ ሥር፣ የኮክ ፍሬ አስኳልና ሌሎች ዕፀዋት አሉበት። ከእነሱ ጋር ደግሞ ክንፍ የሌላት የዱር በረሮ፣ ደም መጣጭ ዝንብ፣ የጢንዚዛ እጭና አልቅት አሉ። ይህን ያህል ዘመን የተሻገረ መድኃኒት ክብር ይገባዋል። ክብሩ ግን ከጥንቃቄ ጋር ነው።

ደም መቋጠርን ከደም መርጋት ጋር አንድ ማድረግ። ከሁሉም የሚያሰጋኝ ይሄ ነው። የቻይና ሐኪም "ደም ቋጥሯል" የሚለው ምላስ ሲጠቁር፣ ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ሲወጋ፣ ቆዳ ሲደርቅና ሲሻክር አይቶ ነው። በአልትራሳውንድ ሲታይ የረጋ ደም ላይኖር ይችላል። አንድ እግር በድንገት አብጦ ካመመ ግን፣ ወይም ደረት ወግቶ ትንፋሽ ካጠረ፣ ነገሩ ሌላ ነው። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ሰው ይገድላል። ያኔ ክኒን አይፈለግም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

"አልቅት ደም ያቀጥናል፣ ክኒኑም ያቀጥናል" ብሎ መደምደም። አልቅት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር እንዳላት የብሪታንያው ተመራማሪ ጆን ሄይክራፍት እ.ኤ.አ. በ1884 አሳይቷል። ሂሩዲን የሚባለው ነው፤ ዛሬ ደም እንዳይረጋ በሆስፒታል የሚሰጠው መድኃኒት፣ ቢቫሊሩዲን፣ የተቀረጸውም ከእሱ ነው። ግን ሂሩዲን ፕሮቲን ስለሆነ ሆድ ውስጥ ይፈጫል። ለዚህም ነው ቢቫሊሩዲን በመርፌ የሚሰጠው። ሌላም አለ። በቻይና የመድኃኒት መዝገብ ከተፈቀዱት አልቅቶች አንዷ ዊትማኒያ ደም አትመጥም፤ የምትበላው ቀንድ አውጣ ነው። ስለዚህ በክኒኑ ተማምኖ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማቆም አደጋ ነው።

ለሐኪም ሳይናገሩ ደም ከሚያቀጥነው መድኃኒት ከዋርፋሪን ጋር መደረብ። ክኒኑ ደምን ምን ያህል እንደሚያቀጥን አስቀድሞ አይታወቅም ማለት አያቀጥንም ማለት አይደለም። ዋርፋሪን ደግሞ ጎመን እንኳን ሲበዛበት ሥራው ይዛባል። ሌሎቹን ደም እንዳይረጋ የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል፣ የሚወስድ ሰውም እንደዚያው ይጠንቀቅ። ድድ መድማት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ሰንበር፣ ጥቁር ሰገራ ከታየ ክኒኑን አቁሞ ዛሬውኑ መታየት ነው። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ሰውም ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።

"ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም።" ሩባርብ ሆድ ያስቀምጣል፤ ሲቆይ ፖታሲየም ያሳጣል። ክኒኑ ውስጥ ያለው ሊኮሪስ የተባለ ጣፋጭ ሥርም ሲበዛ ፖታሲየምን ይቀንሳል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ክኒኑ ውስጥ ያሉት የኮክና የአፕሪኮት ፍሬ አስኳል ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ ሲያናይድ ይወጣዋል። የላከር ዛፍ ሙጫም አለበት፤ ጥሬው ቆዳን ክፉኛ የሚያሳክክ ስለሆነ ሳይዘጋጅ አይገባም። ለበረሮ አለርጂ ያለበት ሰው የደረቀችውን ብትሰጡት ምን ሊገጥመው እንደሚችል አስቡት። ቤት ውስጥ ፈጭቶ መቀመም ፈጽሞ አይሞከር። የጥንቱ መመሪያ እንኳን ትንንሽ ክኒኖችን በቀን ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ነው የሚለው፤ በእፍኝ አይደለም።

የአንዱን ጥናት ለሌላው ማዋስ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ቶንግሺንሉዎ ስለተባለ የቻይና መድኃኒት ትልቅ ጥናት ወጥቷል። አልቅት፣ ጊንጥና በረሮ ያለበት እንክብል ነው። የልብ ደም ሥር ድንገት ተዘግቶ ከባድ የልብ ጥቃት የደረሰባቸው ከ3,700 በላይ ሕሙማን ተሳትፈዋል። በ30 ቀን ውስጥ ሞትን ጨምሮ ከባድ የልብና የአንጎል ችግር የገጠማቸው እንክብሉን ከወሰዱት 3.4 በመቶ፣ ካልወሰዱት 5.2 በመቶ ናቸው። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን ሁሉም መደበኛውን ሕክምናም እየወሰዱ ነበር፤ እንክብሉ ተጨማሪ ነበር። ቀመሩም የዳ ሁዋንግ ዠ ቾንግ ዋን አይደለም።

በእርግዝና ጊዜ መውሰድ። ቻይናውያን ራሳቸው ይከለክሉታል። ወር አበባ ሲዘገይ "ደም ቋጥሯል" ብላ ክኒኑን ከማንሳቷ በፊት፣ አንዲት ሴት መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ።