ሞተሩ እየዞረ መኪናው አልነሳ ሲል

ቁልፉን ያዞራሉ። ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ያኔ አብዛኞቻችን የምናደርገው ደግሞ ደጋግሞ ማዞር ነው። እባክዎ ይህን አያድርጉ። አንዱ ሙከራ ከ10 ሰከንድ አይለፍ፣ ከዚያ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) ግማሽ ደቂቃ ያህል ይረፍ። ያለዚያ በአንዱ ችግር ላይ የሞተ ባትሪና የተቃጠለ ሞተሪኖ ይጨመርበታል።

እዚህ የማወራው ስለ ቤንዚን መኪና ነው። ሞተሩ ከዞረ ሞተሪኖው ሥራውን እየሠራ ነው። የቀረው ቤንዚን፣ እሳት (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ) ወይም እመቃ (ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን የሚጨምቅበት ኃይል) ነው። የጎደለውን ለይቶ ማወቅ ደግሞ ዕቃ ከመግዛት ይቀድማል።

መጀመሪያ ጆሮዎን ይስጡ። እየተጎተተ፣ እየደከመ የሚዞር ከሆነ ባትሪውን ይጠርጥሩ። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። በተቃራኒው ከወትሮው ፈጥኖ፣ ቅልል ብሎ የሚዞር ከሆነ ወዲያው ያቁሙ። ታይሚንግ ቺንጋው (የፒስተኖቹንና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ የሚያገጣጥመው ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ይህን ይዞ ማዞር ፒስተኑን ከቫልቩ ጋር ያጋጫል፤ የሚሻለው አስጎትቶ መውሰድ ነው።

ቀጥሎ ዳሽቦርዱን ይዩ። ቁልፉን አብርተውም የቁልፍ ምልክቷ ብልጭ ድርግም ማለቷን ካልተወች ኢሞቢላይዘሩ (የስርቆት መከላከያው) ቁልፍዎን አላወቀውም፤ በትርፉ ቁልፍ ይሞክሩ። ሞተሩ ሲዞር ደግሞ የአርፒኤም ቆጣሪውን ይመልከቱ። መርፌው ከዜሮ ንቅንቅ ካላለ ክራንክ ሴንሰሩ (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ዕቃ) ይጠረጠራል፤ በተለይ መኪናው ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ። ጤነኛ ሆነውም ሲዞሩ መርፌው የማይነሳባቸው መኪኖች ግን አሉ፤ ስለዚህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ከዚያ ቤንዚኑ። ዳገት ላይ የቆመ መኪና ጌጅ ያታልላል። የሚጠራጠሩ ከሆነ 5 ሊትር ጨምረው ይሞክሩ። አሁን ጆሮዎን ወደ ታንከሩ አስጠግተው ሌላ ሰው ሞተሩን ሳያዞር ቁልፉን ብቻ እንዲያበራ ያድርጉ። በብዙ መኪኖች ላይ ፓምፑ ለ2 ወይም 3 ሰከንድ እምምም ሲል ይሰማል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ግን ፓምፑ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው፤ ቁልፍ ሲበራ ዝም አለ ተብሎ ሞቷል አይባልም።

ይህን ደጋግሜ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ የክረምት ጠዋት ኮሮላዬ አልነሳ አለች። የጠራሁት ሰው «ፓምፑ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። ገንዘቡን ለመክፈል ስዘጋጅ ጎረቤታችን የሆነ ሽማግሌ መካኒክ ኮፈኑን ከፈተ። ከፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ሽፋኑ ላይ ኢኤፍአይ (የነዳጅ መርጫው ሥርዓት) የተባለችውን ሰማያዊ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ነቅሎ ወደ ብርሃን ያዛት። መሃሏ ያለችው ቀጭን ክር ተበጥሳ፣ ፕላስቲኩ ውስጡ ጠቁሯል። በሌላ ሲተካት መኪናዋ ተነሳች። አዲሷም ከተቃጠለች ግን ሽቦ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። በፍጹም ከፍ ያለ ፊውዝ ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት አያስገቡ፤ መኪና ያቃጥላል።

ፊውዙ ደህና ከሆነ የፓምፑን ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ተመሳሳይ ከሆነ የክላክስ ሪሌ ጋር ቀያይረው ይሞክሩ።

በመጨረሻ እሳቱ። ካዞሩ በኋላ ጭስ ማውጫው አጠገብ ያሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ነዳጁ ይደርሳል፤ ወይ እሳት የለም፣ ወይ ሞተሩ በቤንዚን ታፍኗል። ለታፈነ ሞተር የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠው ያዙሩ፤ በብዙ ባለ ኢንጀክተር (ነዳጅ መርጫ) መኪኖች የመኪናው ኮምፒውተር ነዳጁን ያቋርጣል። ሲነሳ እግርዎን ወዲያው ያንሱ። ከዚያም ካልተነሳ አንድ ካንዴላ (እሳት የሚሰጠውን ዕቃ) ይፍቱ። እርጥብና ቤንዚን የሚሸት ከሆነ እሳት ጎድሏል፣ ደረቅ ከሆነ ነዳጅ። ዲስትሪቢውተር (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል ዕቃ) ያላቸው የቆዩ መኪኖች በክረምት እርጥበት ይይዛቸዋል፤ ክዳኑንና ገመዶቹን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻውን ብዙ ጊዜ ያስነሳቸዋል። ካንዴላ በእጅ ይዞ እሳት ማየት ግን ይቅር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፣ አጠገቡም የቤንዚን ትነት አለ።

ሁሉም ካልሆነ ኮምፒውተሩን ያስነብቡ። ፒ0335 የሚል ኮድ ካወጣ ወደ ክራንክ ሴንሰሩ ወይም ወደ ሽቦው ይመራል። ለመካኒኩም «ፓምፕ ቀይርልኝ» አይበሉት። «ሲዞር ቤንዚን ይሸታል፣ መርፌው ግን አይነሳም» ይበሉት፤ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።