ልጃችሁ ከመንዳቱ በፊት ማቆም ይልመድ

ብስክሌት ስናስለምድ ልፋታችን ሁሉ ሚዛን ላይ ነው። ሚዛኑ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ጅማ ላይ ቶሎ የሚያስፈልገው ፍሬን ነው፤ ባጃጁ ተሳፋሪ ካየ ፍሬቻ እንኳ ሳያበራ ጥጉን ይዞ ቀጥ ይላል፣ ከኋላው ያለው ልጅ ደግሞ ማሰቢያ ጊዜ የለውም።

ከግዢው እንጀምር። «ያድግበታል» ብሎ ነገር ለጫማ ይሁን። ልጁ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሁለት እግሩ መሬት መርገጥ አለበት። ጣቶቹም ሳይንጠራራ የፍሬኑን እጀታ ይያዙ፤ ካልደረሱ ወይም ከጠነከረበት ጠጋኝ ጋ ወስዳችሁ አስተካክሉለት። ከዚያ ፍሬኑን ይዛችሁ ብስክሌቱን ግፉት። ጎማው ከዞረ ገና ነው።

ለማስለመድ ፔዳሎቹን ፍቱና ኮርቻውን ዝቅ አድርጉ። (የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው፤ ስንቱ ወደ ግራ እየታገለ ጥርሱን ጨርሶታል!) ሜዳ ላይ በእግሩ እየገፋ ይንሸራተት፣ እናንተ ድንገት «ቁም!» በሉት፣ በእግሩ ሳይሆን በፍሬን መቆም እስኪለምድ ደጋግሙት። ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ፣ ቀስ አድርጎ። የፊቱን ብቻ ጭምቅ ካደረገ በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ ይወድቃል።

የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬን ቶሎ አይዝም፣ ጭቃ የነካው ኮብልስቶንም ያንሸራትታል፤ ቀደም ብሎ መያዝ ነው። ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወርደውን ቁልቁለት ግን ለጀማሪ በደረቅ ቀንም አልመክርም።

ሌላው አመላችን ትንሽ ልጅ ከኋላ መጫን ነው። «እግርህን ክፈት» እንለዋለን። ይከፍታል፣ ትንሽ ቆይቶ ይረሳል፣ ተረከዙ የጎማው ሽቦዎች መሃል ይገባል። ቁስሉ ክፉ ነው፣ አጥንትም ሊሰብር ይችላል። እግር መርገጫ ያለው የልጅ ወንበርና የጎማውን ጎን የሚሸፍን ነገር ከሌለ አትጫኑ፣ በቃ በእግር ሂዱ። የነጠላ ጫፍና የጫማ ክርም ከካቴናው ይራቅ።

አብራችሁ ስትነዱ ቀኛችሁን ይዛችሁ፣ ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ ነው። ልጁ ከፊት፣ እናንተ ከኋላ፣ ሹፌሩ ቀድሞ እናንተን እንዲያይ ትንሽ ወደ ግራ ወጣ ብላችሁ።

ሄልሜቱ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ይቀመጥ፣ ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ከአንድ ጣት በላይ አያስገባ። ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ግንባርን ማሳየት ያምር ይሆናል እንጂ አያድንም። የሞተር ሄልሜት ለትንሽ ልጅ አንገት ይከብዳል። አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜት ደግሞ ስንጥቅ ባይታይበትም ይጣል።