«ብርድ መታኝ» ከማለትሽ በፊት

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ብዙ ሴቶች ስለ ወገብ ሕመምና ስለ ራስ ምታት ሲነግሩኝ ቆይተው፣ ሊወጡ የበሩን እጀታ ከያዙ በኋላ ዞር ብለው «ፈሳሽ ነገርም አለኝ፤ ብርድ መትቶኝ ይሆናል» ይሉኛል። የመጡት ለዚያ ነው። ብርድ ግን የብልት ፈሳሽ አያመጣም፤ ይህ ስም ስንቷን ሴት ከሕክምና እንዳስቀረ ሳስበው ያንገበግበኛል።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ጤነኛውን እወቂ። በሁለት የወር አበባዎች መካከል እንደ እንቁላል ውሃ የሚለጠጥ፣ በሌላው ቀን ነጣ የሚል፣ የማይሸትና የማያሳክክ ፈሳሽ የተፈጥሮ ነው። በእርግዝና ጊዜም ይበዛል። መድኃኒት አይፈልግም።

እንደ አይብ የተፈረፈረ ነጭ ሆኖ አጥብቆ የሚያሳክክ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው። ስስና ግራጫማ ሆኖ፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ከሆነ የብልት ባክቴሪያዎች ሚዛን ተዛብቷል ማለት ነው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ አረፋ ያለውና የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ በግንኙነት የሚተላለፈውን ትሪኮሞናስ የተባለ ተውሳክ እጠረጥራለሁ። እጠረጥራለሁ እንጂ አልፈርድም፤ ዓይን ይሳሳታል።

አንዲት እናት ሦስት ጊዜ የፈንገስ መድኃኒት ገዝታ ስላልተሻላት ባዶ ማሸጊያዎቹን በፌስታል ይዛ መጣች። ናሙና ወስጄ በጨው ውሃ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጌ ሮጥ ብዬ ለላቦራቶሪ ሰጠሁ፤ ከዘገየ ተውሳኩ መንቀሳቀሱን ስለሚያቆም ያመልጣል። ባለሙያው ጠርቶ በማይክሮስኮፕ አሳየኝ። እንደ ፍሬ የሞላላ ነገር ጭራውን እያርገበገበ በሴሎቹ መካከል ይንቀጠቀጣል። ትሪኮሞናስ ነበር። የፈንገስ መድኃኒት ምን ያደርግለታል?

ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ታዘዘላት። ባለቤቷም ምንም ሕመም ባይሰማው መታከም ነበረበት፤ አለዚያ መልሶ ያስይዛታል። ሁለቱም ጨርሰው እስኪድኑ ግንኙነት አይኖርም። ለባክቴሪያው መዛባትም መድኃኒቱና መጠኑ ይኸው ነው። ሲሻልሽ በሦስተኛው ቀን አታቋርጪው፤ እስክትጨርሺም ጠላና ጠጅ ይቅር እላለሁ።

ለፈንገስ በብልት የሚገባ ክሎትሪማዞል፣ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ፍሉኮናዞል 150 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ የሚዋጠውን አትውሰጂ። ፈንገሱ እየተመላለሰ ካስቸገረሽ የደም ስኳርሽን ተመርመሪ፤ በቅርቡ የወሰድሽው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ካለም ንገሪን።

ውስጡን በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በጨው ውሃ አትታጠቢ። ብልት የሚጠብቁት ባክቴሪያዎች አሉት፤ እጥበቱ እነርሱን ያሳጣል። ለምርመራ የምትመጪ ቀንማ የምናየውን ነገር ጠርጎ ይወስደዋል። ውጪውን በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል።

ከእምብርትሽ በታች ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም ካለ ግን ስለ ቀለምና ስለ ሽታ አታስቢ። በግንኙነት የሚተላለፉት ጨብጥና ክላሚዲያ ወደ ማህፀን ቱቦ ወጥተው መካን ሊያደርጉ ይችላሉ። የወር አበባሽ ከተቋረጠ ከዓመታት በኋላ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካየሽም የማህፀን በር ካንሰር መመርመር አለበት። በዚያው ቀን ነይ፤ ገና ስትቀመጪም ከሁሉ አስቀድመሽ እርሱን ንገሪኝ።