የቆየ መኪና ኤርባግ እንዴት ይፈተሻል?

አዳማ ላይ መኪና የሚነዳ ሰው ዘይት መቼ እንደሚቀየር ያውቃል። የፍሬን ሸራውም ሲያልቅ ድምፁን ይለየዋል። ኤርባጉን ግን የሚያስታውሰው የለም። የ20 ዓመት ኮሮላ ገዝቶ «መሪው ውስጥ ያለው ነገር ይሠራል ወይ?» ብሎ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ብርቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉትን መኪኖች ይዘን መቆየታችን ነው። ስለዚህ ጥያቄው ቦታው ላይ ነው፤ የቆየ መኪና ኤርባግ በየጊዜው መታየት አለበት?

እንደ ዘይት ቀን ተቆጥሮለት የሚቀየር ዕቃ አይደለም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ አንዳንድ መኪኖች ላይ ፋብሪካው የ10 ወይም የ15 ዓመት ገደብ ይጽፍ ነበር። የድሮ ሆንዳዎች ላይ ለምሳሌ 10 ዓመት ሲሞላ ይታይ የሚል አለ። ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ገደብ የላቸውም። ቁልፍ በተከፈተ ቁጥር ሲስተሙ ራሱን ይፈትሻል። እኛ ዘንድ የሚያሳስበው የመኪናው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ እዚህ ከመድረሱ በፊት ያሳለፈው ኑሮ ነው። ዱባይ ስንት ዓመት ፀሐይ ላይ ቆመ? ተጋጭቶ ነበር? ማን ፈታው፣ ማን ገጠመው? ፍተሻው እነዚህን ለማወቅ ነው።

መጀመሪያ፣ ኤርባግ መኖሩን ያረጋግጡ

መሪው መሀል፣ ከጋቢናው ተሳፋሪ ፊት ለፊት ዳሽቦርዱ ላይ፣ አንዳንዴም የወንበሩ ጎን ላይ «ኤስ አር ኤስ ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። መኪናዎ ዲኤክስ ከሆነ አይድከሙ፤ የሚፈተሽ ነገር የለም።

መብራቱን ይፈትኑት

ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመውም እሱ ነው። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ ያድርጉ። ቀበቶ ታስሮ የተቀመጠ ሰውና ፊቱ ላይ ክብ ያለበት ቀይ ምልክት፣ ወይም «ኤስ አር ኤስ» የሚል ጽሑፍ ይበራል። 6 ሰከንድ ያህል ቆይቶ በራሱ መጥፋት አለበት። እንዲህ ከሆነ ሲስተሙ ራሱን ፈትሾ ጉድለት አላገኘም ማለት ነው።

በርቶ ከቀረ ችግር አለ። ችግር ካለ ደግሞ ኤርባጉ በግጭት ጊዜ ላይፈነዳ ይችላል። ብዙ ሰው «መኪናው ይሄዳል አይደል» ብሎ ከመብራቱ ጋር ተላምዶ ይኖራል።

ጨርሶ ካልበራስ? ይሄ ይብሳል። አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ለሽያጭ የሚቀርብ መኪና ላይ መብራቱን ማጥፋት ኤርባግ ከመግዛት ይረክሳል። ትንሽ ረቀቅ ያለው ደግሞ የኤርባጉን መብራት ከዘይት ወይም ከባትሪ መብራት ጋር ያገናኘዋል። ሞተር ሲነሳ አብሮ ስለሚጠፋ ገዢው ደህና ይመስለዋል። ሞተሩን ሳያስነሱ ይፈትኑት ያልኩት ለዚህ ነው። የዘይቱና የባትሪው መብራት እንደበሩ የኤርባጉ ለብቻው መጥፋት አለበት። ሞተሩ እስኪነሳ ጠብቆ ከሌሎቹ ጋር እኩል ከጠፋ ይጠርጥሩ።

የሻንሲ ቁጥሩን ያጣሩ

መብራቱ የማይነግርዎ አንድ ነገር አለ። ሲስተሙ የሚለካው ሽቦውን ነው። ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል መበላሸቱን አያይም።

የታካታ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ታካታ የጃፓን ኩባንያ ነበር። ለኤርባጉ ማፈንጃ አሞኒየም ናይትሬት ይጠቀም ነበር። ይህ ኬሚካል ለዓመታት በሙቀትና በእርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል። በግጭት ጊዜ ከሚገባው በላይ በኃይል ይፈነዳና የታሸገበትን የብረት ቆርቆሮ ሰባብሮ ወደ ሰው ይረጨዋል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ20 በላይ ሰዎች በዚህ ሞተዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ለኪሳራ አመለከተ። ቶዮታ፣ ሆንዳ፣ ኒሳን፣ ማዝዳ፣ ቢኤምደብሊውና ሌሎችም በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖቻቸውን ለጥገና ጠርተዋል። አብዛኞቹ የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010ዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው፤ ዛሬ አዳማ ውስጥ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ የምናያቸው መኪኖች ማለት ነው።

የአዳማ ሙቀት ደረቅ ነው። ይህ ትንሽ ይረዳል፤ ኬሚካሉን ክፉኛ የሚጎዳው ሙቀትና እርጥበት አብረው ሲመጡ ነውና። መኪናው ግን ከዚህ በፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ከተማ ውስጥ ዓመታት አሳልፎ ሊሆን ይችላል።

መኪናዎ ለጥገና ከተጠሩት አንዱ መሆኑን ለማወቅ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ይውሰዱ። መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑንም ይዩ። ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ከሆነ ለጃፓን ገበያ ያልተሠራ መኪና ነው። አጠር ብሎ መሀሉ ላይ ሰረዝ ካለው የጃፓን ገበያ ነው፤ ቶዮታ ከሆነ በኩባንያው የጃፓን ድረ ገጽ ላይ ይጣራል። የቶዮታ ወኪል የሆነውን ሞኤንኮንም ቁጥሩን ይዞ መጠየቅ ይቻላል። አንድ ወጥመድ ልጠቁም። የአሜሪካ መንግሥት የማጣሪያ ገጽ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩትን ብቻ ነው የሚያውቀው። የዱባይ መኪና ቁጥር አስገብተው «ምንም የለም» ቢልዎ መኪናው ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ታሪኩን በዓይን ያንብቡ

የመሪውን መሀል ይዩ። ቀለሙ ከቀሪው መሪ ይለያል? ጠርዙ ላይ ማስቲሽ አለ? የጋቢናው ዳሽቦርድ ተሰንጥቆ የተለጠፈ ወይም እንደገና የተለበጠ ይመስላል? ኤርባግ አንዴ ከፈነዳ አይታጠፍም፣ ተመልሶ አይገባም። አዲስ መግዛት ያልፈለገ ሰው ባዶ ክዳን ይገጥማል። ከዚያም ሲስተሙን ለማታለል ሽቦው ላይ ሬዚስተር ያስራል፤ መብራቱም በደንብ በርቶ በደንብ ይጠፋል።

ቪትዝ ያላችሁ እዚህ ጋ ጠጋ በሉ። ቪትዝ የሚለው ስም ቶዮታ በጃፓን ገበያ የተጠቀመበት ነው። የጃፓን መኪና መሪው በቀኝ ነው። የእርስዎ ግራ ላይ ከሆነና ሻንሲው የጃፓን ከሆነ መሪው ዞሯል ማለት ነው። (ሰው ያሪሱንም ቪትዝ ስለሚል ሻንሲው ይፍረድ።) መሪ ሲዞር ዳሽቦርዱ በሙሉ ይፈታል። የኤርባጉ ሽቦ በትክክል መመለሱን ያለ ባለሙያ ማወቅ አይቻልም።

ኮምፒውተር ያስሩበት

በስልክ የሚሠሩት ርካሽ ማንበቢያዎች በአብዛኛው ሞተር ብቻ ነው የሚያነቡት። የኤርባጉን ሞጁል የሚያነብ ስካነር እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ። መካኒኩ ስካነሩ ያሳየውን የጥፋት ኮድ አጥፍቶ «አለቀ» ካለዎት ቁልፉን ዘግተው ደግመው ይክፈቱ። ተመልሶ ከመጣ አላለቀም።

ደስ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቀላል ነው። መብራቱ ከበራ በኋላ ክላክስም እምቢ ካለ መሪው ውስጥ ያለውን ጥቅልል ሽቦ ይጠርጥሩ። ላቫጆ ከገባ ማግስት ከበራ ደግሞ ወንበር ስር ያለው ቢጫ ሶኬት ላልቶ ወይም ረጥቦ ሊሆን ይችላል።

ቢጫ ሽቦና ሶኬት ባዩበት ግን እጅዎን ይሰብስቡ። የኤርባግ መስመር ነው። ኤርባጉን በቴስተር መለካት ሊያፈነዳው ይችላል። የሚሠራው ባለሙያ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ፣ ለአንዳንድ መኪና 3 ደቂቃ መጠበቅ አለበት፤ ሲስተሙ ውስጥ የቀረ ኃይል አለ። ሳይነቅል መፍታት ከጀመረ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኤርባግ ርካሽ አገኘሁ የሚልዎትንም አይስሙ። ያ ዕቃ ራሱ ለጥገና ከተጠራ መኪና የወጣ ሊሆን ይችላል።

የሚሠራ ኤርባግም ይበላሻል፣ በእኛው እጅ

ኤርባግ ዓይን ሳይጨፈን ነው የሚነፋው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈው ሽቶና የሶፍት ሳጥን ወደ ተሳፋሪው ፊት ይወረወራል። የወንበሩ ጎን ላይ ኤርባግ ካለ ጥብቅ ብሎ የተሰፋ የወንበር ልብስ ያፍነዋል። ሹፌሩ ደረቱን ከመሪው ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ያርቅ። ቀበቶ ይታሰር፤ ኤርባጉ የተሠራው ቀበቶ ላሰረ ሰው ነው።

ልጅን ጋቢና ታቅፎ መሄድ ይቅር። ኤርባጉ ሲፈነዳ ልጁ በእሱና በእናቱ መሀል ነው ያለው። ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከኋላ ይቀመጡ፤ በተለይ የአዲስ አበባን የፍጥነት መንገድ ሲይዙ።

በስንት ጊዜ?

መብራቱን በየቀኑ፣ ቁልፍ በከፈቱ ቁጥር። ሻንሲውን በዓመት አንዴ፣ ለቦሎ ሲዘጋጁ፤ የጥሪ ዝርዝር በየጊዜው ይጨመርበታልና። የቦሎ ምርመራ ማለፍ የኤርባጉን ኬሚካል ጤንነት አይናገርም። ኮምፒውተሩን ደግሞ መኪና ሲገዙ፣ ከግጭት በኋላና መብራቱ ሲበራ።

ሻንሲዎ ለጥገና ከተጠሩት ውስጥ ከተገኘና ምትኩ እስኪመጣ የሚቆዩ ከሆነ፣ የትኛው ኤርባግ እንደሆነ ይጠይቁ። የጋቢናው ከሆነ ተሳፋሪ ከኋላ ይቀመጥ። የሹፌሩ ከሆነ ኤርባጉ እስኪቀየር መኪናውን ማቆም ነው።